አንድ ሩፒ ጭማሪ
(በህንድ ፊልም ዘፈኖች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ጋሼዎቼና እትዬዎቼ፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ህንዱ የፊልም ዘፈን ገጣሚ ስለ ሳሂር ሉዲያንቪ ሕይወትና ሥራ ተናገር ብለውኛል። እናገራለሁ። ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር ስላለ፣ እሱ ላይ ብዘገይ አትፍረዱብኝ።

እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን በህንድ ፊልም ያደግን ነን። ሲኒማ ራስ በር ላይ ተጋፍተናል። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተደራርበን ሦስት ሰዓት ሙሉ አልቅሰናል። አንዲት የሂንዲ ቃል ሳንሰማ ዘፈኑን በቃላችን ይዘነዋል። ቃሉ ሲጠፋን ደግሞ ከራሳችን ፈጥረን ሞልተናል። ተዋናዩን እናውቀዋለን። ዘፋኟን ላታ ማንጌሽካርን የማያውቅ የለም። ግጥሙን ማን ጻፈው ብዬ ብጠይቅ ግን፣ እጅ የሚያወጣው ሰው ይቆጠራል።

ሳሂር የብዕር ስሙ ነው። ቤተሰብ ያወጣለት ስም አብዱል ሃዪ ነው። በ1921 ፑንጃብ ውስጥ፣ ሉዲያና ከተማ ተወለደ። (ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው፤ መቀነስ የፈለገ ይቀንስ።) አባቱ ባለ ርስት ነበር። እናቱ ባሏን ትታ ስትወጣ ልጇን ይዛ ወጣች። አባትየው ልጄን አምጪ ብሎ ፍርድ ቤት አቆማት። ልጁ ከእናቱ ጋር ቀረ፣ ከነድህነቷ። ሀብታም አባት እያለው ደሃ ሆኖ ያደገ ልጅ ምን ዓይነት ግጥም እንደሚጽፍ እናንተው ገምቱት።

ላሆር ሄዶ የመጀመሪያ የግጥም መድበሉን ሲያወጣ ገና 25 ዓመት አልሞላውም። ህንድና ፓኪስታን ተከፍለው ላሆር ለፓኪስታን ከደረሰች በኋላ በጽሑፉ ምክንያት የእስር ማዘዣ ወጣበት። በ1949 ላሆርን ጥሎ መጀመሪያ ዴልሂ፣ ከዚያ ቦምቤይ ገባ። በዚያው ዓመት ለአንድ ፊልም አራት ዘፈን ጻፈ። ፊልሙም ዘፈኖቹም ማንም ሳይሰማቸው አለፉ።

እዚህ 1949 ላይ ትንሽ ልቁም። የመጣሁበት ጉዳይ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

በዚያው ዓመት “ማሃል” የሚባል ፊልም ወጣ። አንዷ ዘፈኑ አገሩን አናወጠች። የምትዘፍነው ያኔ ገና ወጣት የነበረችው ላታ ናት። ሸክላው ሲታተም ግን የዘፋኟ ስም ተብሎ የተጻፈው “ካሚኒ” ነው። ካሚኒ ማን ናት? የፊልሙ ገጸ ባሕርይ! በሥጋ የሌለች ሴት! ጉሮሮዋን ያደከመችው አንዷ፣ ስሟ የታተመው የሌላዋ። ሸክላው ሬዲዮ ላይ ሲሄድ አድማጭ አላስቀምጥ አለ። ይቺ ልጅ ማን ናት? ንገሩን! ደብዳቤው ጎረፈ። ሬዲዮ ጣቢያው የሸክላ ኩባንያውን ጠየቀ፣ የላታ ስምም በአየር ላይ ተነገረ። ዘፋኞች በስማቸው መጠራት የቻሉት እንዲህ ሕዝብ ጠይቆላቸው ነው።

የዚያን ዘፈን ግጥም የጻፈው ሰው ናክሻብ ጃርቻቪ ይባላል። ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? አዎ፣ አልሰማችሁም። ስለ እሱ ማንም ደብዳቤ አልጻፈማ!

ሳሂር ቦምቤይ የገባው በዚህ ሰዓት ነው። በ1951 የዘፈን ግጥም የጻፈላቸው “ናውጃዋን” እና “ባዚ” የሚባሉ ፊልሞች ወጡ። የሁለቱም ሙዚቃ የኤስ ዲ በርማን ነው። “ባዚ” የዳይሬክተሩ የጉሩ ዳት የመጀመሪያ ፊልም ነበር። ሳሂር ለዚያ ፊልም ቁም ነገር የተሞላ፣ ጋዛል በሚባለው የኡርዱ ግጥም ስልት የተሠራ ግጥም ሰጠ። በርማን ደግሞ ወስዶ የምሽት ክበብ ዘፈን አደረገው፣ ከነጊታሩ። ጊታ ሮይ ዘፈነችው። ዜማው ያስጨፍራል፣ ግጥሙ ደግሞ ዕድልህን በራስህ እጅ አቅና ይላል። ሰዉ እየጨፈረ ቁም ነገሩን ዋጠው። ለእኔ ከሳሂር የመጀመሪያ ዓመታት ሥራ ይቺን የሚያክል የለም። ከዚያ በኋላ ስልኩ አላረፈም።

ያኔ ነው እንግዲህ ሰውየው አመል ያወጣው። በፊልሙ ዓለም የሚተርኩትን ልንገራችሁ። ፕሮዲዩሰሮች ሲመጡለት “ለላታ ስንት ትከፍላላችሁ?” ይላል። ይነግሩታል። “እንግዲያው ለእኔ በዚያ ላይ አንድ ሩፒ ጨምሩ።” አንድ ሩፒ! ሀብታም የምታደርግ ገንዘብ አይደለችም። ብሩ ጉዳዩ አልነበረም። ግጥሜ ከጉሮሮሽ አያንስም ማለቱ ነው። ዘፋኞች እዚህ ስላላችሁ አትቀየሙኝ፤ እኔም የዘፈን ገጣሚ ነኝና እንጀራ የምበላው በእናንተ ጉሮሮ ነው።

ሁለተኛው አመሉ ከዚህ ይበልጣል። ኦል ኢንዲያ ሬዲዮ ዘፈን ሲያስደምጥ የዘፋኙንና የሙዚቃውን ባለቤት ስም ይጠራ ነበር፣ የገጣሚውን ግን አይጠራም። ሳሂር ተከራከረ፣ ወተወተ፣ የገጣሚ ስምም መጠራት ጀመረ። እስከ ዛሬ ህንዶች ስለ እሱ ሲያወሩ ይህን ሳያነሱ አያልፉም።

በ1957 ደግሞ “ፕያሳ” መጣ። (ከእኛ ፒያሳ ጋር አይገናኝም።) ታሪኩ በቁሙ ማንም ስላላየው ገጣሚ ነው። ሞተ ሲባል መጽሐፉ ይቸበቸባል፣ ትናንት ያባረሩት ሰዎች ለመታሰቢያው አዳራሽ ይሞላሉ። እሱ ግን አልሞተም፤ ከበሩ ቆሞ ያያቸዋል። ፊልሙ ገነነ። ሳሂርና በርማንም ከዚያ በኋላ አብረው አልሠሩም። ዘፈኑን ያስወደደው ግጥሙ ነው ወይስ ዜማው? በዚህ ተኳረፉ ይባላል። ሳሂር ትሑት ሰው ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ትሑት ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ ስሙን አናውቀውም ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ።

አንድ ጊዜ ግጥም ሰጥቼ ካሴቱ ወጣ። ሽፋኑን ገልብጬ አየሁ። የዘፋኙ ስም አለ፣ ያቀናበረው አለ፣ ሽፋኑን የሠራው ልጅ እንኳ አለ። እኔ የለሁም። አሳታሚውን ሄጄ ጠየቅኩት። “ወንድሜ፣ ቦታ ጠበበን” አለኝ። የራሱ ስልክ ቁጥር ግን ሽፋኑ ላይ ሁለት ቦታ አለ! ሰርግ ቤት የራሴን ግጥም እየሰማሁ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው “ይሄ ዘፋኝ እንዴት ያለ ጭንቅላት አለው!” ብሎኝ ያውቃል። ምን ልበለው? ጠላዬን ጠጣሁ።

ካሴቱስ አለፈ። አሁን ምን ጠበባችሁ? ዩቲዩብ ላይ ከዘፈኑ ሥር ያለው ቦታ ማለቂያ የለውም። “ሰብስክራይብ አድርጉ” ለማለት አምስት መስመር ይገኛል፣ ለገጣሚው አንድ መስመር ይጠፋል! እናንተ የኤፍ ኤም ጋዜጠኞች ደግሞ፣ የማስታወቂያውን ስልክ ሦስት ጊዜ ትደግማላችሁ። የገጣሚ ስም ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ሲሞት ግን ቀድማችሁ የምትደውሉት እናንተ ናችሁ። “ስለ ሟቹ ሥራዎች ቢነግሩን” ትላላችሁ። በቁሙ ለምን አልጠየቃችሁትም?!

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ (ይቺ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ናት)። የሥራ አመንጪ በስሙ የመታወቅ መብት አለው ይላል። ህንዶችም ሕጉ በአንድ ቀን አልመጣላቸውም። በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ለፊልም ታዝዞ የተሠራ ዘፈን ባለቤቱ ፕሮዲዩሰሩ ነው ብሎ ነበር። በ2012 የተሻሻለው ሕግ ነው ለገጣሚና ለዜማ ደራሲ የማይነጠቅ የሮያሊቲ ድርሻ የሰጣቸው። ለዚያም ፊት ሆኖ የተሟገተው ጃቬድ አክታር ራሱ የዘፈን ገጣሚ ነው።

የቀረውን ባጭሩ። ሳሂር በ1971 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የመንግሥት ሽልማት ተቀበለ። በወጣትነት መድበሉ ውስጥ የነበረ ግጥም በ1976 “ካቢ ካቢ” ፊልም ላይ ዘፈን ሆኖ ወጣ፣ የዓመቱን ሽልማትም አስገኘለት። በ1980 በልብ ሕመም አረፈ፣ 59 ዓመቱ ነበር። ቦምቤይ ተቀበረ። በ2010 ለአዲስ ሟቾች ቦታ ይለቀቅ ተብሎ መቃብሩ ፈረሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ በስሙ ቴምብር ታተመ።

አሁን ዘፈኖቹን ትሰማላችሁ። የእያንዳንዱን ገጣሚ ስም ጽፌ ለመድረክ መሪው ሰጥቻለሁ። አንዱን እንኳ ቢዘል ከወንበሬ ተነስቼ አስቆመዋለሁ።

አመሰግናለሁ።