ሃኒሰክል በድሬ ፀሐይ

[ምስል፦ ከዚራ፣ ድሬዳዋ፣ አመሻሽ ላይ። በሽቦ አጥር የተጠመጠመች ሐረግ።]

እስቲ ይቺን ሐረግ እዩዋት። ነጭም ቢጫም አበባ አላት። ሁለት ተክል ተደባልቆ አይደለም፣ አንድ ናት። ሲፈካ ነጭ የነበረው በቀናት ውስጥ ቢጫ ይሆናል። ቻይናዎች "የወርቅና የብር አበባ" የሚሏት ለዚህ ነው። የጃፓን ሃኒሰክል ናት።

በመዓዛዋ ተታሎ ጠምበለል የሚላት አይጠፋም። የጠምበለል አበባ ኮከብ ይመስላል። የዚች ግን እንደ ከንፈር ላይና ታች ተከፍሎ፣ ከውስጡ ቀጫጭን ክሮች ብቅ ይላሉ።

[ቅርብ ምስል፦ ጣትና አበባ።]

የአበባውን ጭራ በጥፍር ጫር አድርጉና ክሩን ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ይዞ ይመጣል። ቅመሷት፣ ማር ናት! ልጆች ካወቁባት አበባ አይተርፍላችሁም። ጥቁሯን ፍሬ ግን እንዳይበሉ፤ ሆድ ታውካለች።

[ምስል፦ የቆርቆሮ አጥር፣ ቀትር።]

ሐረር ደጋማ ስለሆነች እዚያ ብዙ አታስቸግርም። ድሬ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። እኔ መጀመሪያ ቆርቆሮ ሥር ተከልኳት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቅጠሏ እንደ ቆሎ ተቆላ። ቆርቆሮ በቀትር ምጣድ ነዋ፣ አቦ!

ሃኒሰክል እግሯ ጥላ፣ አናቷ ፀሐይ ሲሆን ትወዳለች። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኛት ቦታ ምረጡ። ከአጥሩ አንድ ክንድ አርቃችሁ፣ የበሰበሰ ፍግ ጨምራችሁ ትከሉ። ሥሯን በተቆራረጠ የማሽላ አገዳ ጎዝጉዙላት፤ እርጥበቱን ይይዛል። ውሃውን በየቀኑ ከመርጨት ቀን እየዘለሉ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል።

ግድግዳ ላይ አትለጠፍም፣ ትጠመጠማለች እንጂ። ስለዚህ ሽቦ ወይም ሲባጎ ዘርጉላት። መስኮት አጠገብ ብትሆን ደግሞ እሰየው። ሽታዋ የሚበረታው ሲመሽ ነው፤ የሌሊት የእሳት ራቶችን የምትጠራበት ሰዓት ነዋ።

ጎረቤት ካለ ችግኝ አትግዙ። አንዱን ሐረግ ሳትቆርጡ መሬት ላይ አስተኙት፣ መሐሉን አፈር አልብሱት፣ ድንጋይ ጫኑበት። ሥር ሲያወጣ ከእናቱ ቆርጣችሁ ውሰዱት።

[ምስል፦ መቀስ፣ የተከመረ ቅርንጫፍ።]

አበባዋ ሲያልፍ ሳትሳሱ ከርክሟት። አለዚያ ከታች ደረቅ እንጨት፣ ከላይ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ትሆናለች። የቆረጣችሁትን ግን ደቻቱ ወንዝ ዳር እንዳትጥሉ። መሬት በነካችበት ሥር ታወጣለች። አሜሪካ ለጌጥ ወስዷት ዛሬ ደኑን አልብሳበት ይነቅላታል። እኛም በወራሪው ዛፍ በፕሮሶፒስ አይተነዋል። ሲሚንቶ ላይ አስጥታችሁ አድርቁት፤ የድሬ ፀሐይ ለዚህ ማን ብሏት!