ዲሊት ካደረግነው በኋላ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ሲያብሰለስለኝ የከረመ ነገር ላጫውታችሁ። ኢንተርኔት ላይ ያለን ነገር ዲሊት ስናደርገው የምር ይጠፋል ወይ? ዓመቶቹን የምነግራችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ኮምፒውተር ላይ ፋይል ስናጠፋ ይዘቱ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይጠፋም። ሲስተሙ «ይህ ቦታ ነፃ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል እንጂ። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ መልሶ ማውጣት ይቻላል። ኢንተርኔት ላይ ሲሆን ግን ከእጃችን ይወጣል። አንዱ ስክሪንሾት ያነሳዋል፣ ሌላው ፎርዋርድ ያደርገዋል።

ኢንተርኔት አርካይቭም አለ። ብሩስተር ኬል በ1996 ሳን ፍራንሲስኮ ያቋቋመው፣ የድረ ገጾችን ቅጂ እየወሰደ የሚያስቀምጥ ድርጅት ነው። ዌይባክ ማሽን የሚባለው አገልግሎቱ በ2001 ለሕዝብ ተከፈተ። የገጹን አድራሻ ታስገባላችሁ፣ ቀን ትመርጣላችሁ። ያኔ ተቀምጦ ከሆነ እንደነበረ ይመጣላችኋል።

የዚህን ጥቅም ያሳየኝ የ2014ቱ አደጋ ነው። የማሌዥያ አየር መንገድ አውሮፕላን ምሥራቅ ዩክሬን ላይ ተመትቶ ወደቀ። 298 ሰው አለቀ። በዚያው ቀን፣ እዚያ የዩክሬንን መንግሥት ይዋጉ በነበሩት ተገንጣዮች አዛዥ በኢጎር ጊርኪን ስም የሚታወቅ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ «አንቶኖቭ 26 ጣልን» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር፤ አንቶኖቭ 26 የጦር ማጓጓዣ አውሮፕላን ነው። ብዙም ሳይቆይ ተነሳ። ዌይባክ ማሽን ግን ቀድሞ ቅጂውን ይዞታል። ያ ጽሑፍ ጠፍቶ ቢቀር ኖሮ ብዬ ሳስብ ደስ አይለኝም። የሟች ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ማየት ይገባዋል።

በዚያው ዓመት ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የአንድ ስፔናዊን ጉዳይ ወሰነ። ሰውየው ዕዳ ነበረበት፤ ቤቱ ለጨረታ መውጣቱ በ1998 ጋዜጣ ላይ ታትሟል። ነገሩ ካለቀ ከዓመታት በኋላም ስሙን ጉግል ላይ የፈለገ ሁሉ ያንን ያገኝ ነበር። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለ ሊንክ በስም ሲፈለግ እንዳይመጣ መጠየቅ ይቻላል አለ። የጋዜጣው ገጽ ግን እዚያው ቆየ። እኔ ውሳኔውን እደግፋለሁ። አንድ ተራ ሰው ከፍሎ የጨረሰው ዕዳ ዕድሜ ልኩን ሊከተለው አይገባም። ሥልጣን ወይም መሣሪያ የያዘ ሰው የተናገረው ግን ሌላ ነው። እሱ ይቀመጥ።

የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይኼ ነው፦ ማንም ዲሊት ያላደረገውም ይጠፋል። ፒው የምርምር ማዕከል በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች 38 በመቶዎቹ ከአሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። ሰርቨሩ ይዘጋል፣ ድርጅቱ ይከስራል፣ አለቀ። ስንት ሰው የደከመበት ጽሑፍ እንዲህ ቀረ!

የምትወዱት ገጽ ካለ አድራሻውን ዌይባክ ማሽን ላይ አስገብታችሁ ራሳችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። በነፃ ነው። የሰው ገበና ከሆነ ግን እባካችሁ ተዉት። የራሳችሁ ገጽ እዚያ ካለና እንዲነሳ ከፈለጋችሁ ለድርጅቱ ኢሜይል መጻፍ ይቻላል፤ ጥያቄውን አይተው ይወስናሉ።

በሉ፣ ቸር ሰንብቱ።