የታንኳ ጭነትና የከተማ ቤት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ የቻናላችን ቤተሰቦች! ዛሬ ባሕር ዳር ነኝ፤ ጣና ዳር። ከኋላዬ የምታዩት ሜዳ የመንግሥት ነው። በቆርቆሮ ታጥሮ፣ ጎማ የሌለው አሮጌ አይሱዙ ቆሞበት፣ ሣር በልቶታል። አጥሩ ሥር ደግሞ አንዲት እናት የጀበና ቡና ይሸጣሉ። ኪራይ እየጨመረባቸው ሦስተኛ ቤት ቀይረዋል። ታዲያ ይህ ሜዳ ቤት ቢሠራበትስ? ምን ዓይነት ቤት?

መጀመሪያ ግን ታንኳ ላሳያችሁ። አዎ፣ ታንኳ! ቀረብ በሉ። ይህ ታንኳው የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገል ነው። አንዱን ብቻ ብትይዙት በእጅ ይሰበራል። ታስሮ ሲጠብቅ ግን ማገዶ ጭኖ ሐይቁን ያቋርጣል። አሁን ጭነቱን እዩት። ከባዱ መሃል ላይ፣ ቀለል ያለው ወደ ጫፍ። ሁሉን ባንድ ጎን ብትከምሩት ይገለበጣል። ይችን ቦታ ደግሞ እዩ። ባዶ ናት፤ የቀዛፊው ናት። «እዚህም ትንሽ እንጨት ይጨመር» ብትሉ ጭነቱ ይበዛል፤ ታንኳው ግን አይሄድም። ቀዛፊው የት ይቀመጥ?

መንደርም እንደዚሁ ነው። ከባዱ ጭነት፣ ማለትም ከምድር በላይ አራት ፎቅ ያለው ጂ ፕላስ ፎሩ፣ ባጃጅና ታክሲ ባለበት በዋናው መንገድ ዳር ይቁም። ያለ ሊፍት በእግር የሚወጣው ልኩ እሱ ነው። ወደ ውስጥ ባለ አንድ ፎቁ ጂ ፕላስ ዋን፣ ወደ ሐይቁ ሲቃረብ ፎቅ የሌለው ምድር ቤት። ዳርቻው አይነካ! ክረምት ውሃው ይሞላል፤ ደንገሉም ቦታ ይፈልጋል። የቤቶቹን ፍሳሽም አስቡት፤ እዚህ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ስለሆነ ፍሳሹን ወደ መሬት የሚያሰርግ ጉድጓድ አይሆንም። በመንገዱ ዳር ሱቆች ይኑሩ፤ ኪራያቸው ለመንደሩ ጥገና ይውላል። በቃ፣ ይሄው ነው።

የቀዛፊው ቦታስ? በመንደሩ ውስጥ እሷ እንጀራ መጋገሪያው፣ የልጆች ሜዳው፣ የዕድር ድንኳን መትከያው ናት። አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮሚናሉ፣ ማለትም የነዋሪው የጋራ ቤት፣ ለመጋዘን ተከራይቶ፣ የለቅሶው ድንኳን መኪና ማቆሚያ ላይ ተተክሎ አይቻለሁ። ለቀስተኛው እየተነሳ ለመኪና መንገድ ይለቅ ነበር። አንጀቴን በላኝ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አለ። «መሬቱ የመንግሥት ከሆነ ቤቱ ለምን በነፃ አይሰጥም?» ቆይ፣ ቆይ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ጀምሮ የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የባለ ቪላውም ቦታ እንደዚያው ነው! ቤቱን የሚያስወድደው ሲሚንቶው ነው፣ ፌሮው ነው፣ መንገዱና የውሃ መስመሩ ነው። ዋናው ጥያቄ ቦታው በምን መንገድ ይሰጥ ነው። በሊዝ ጨረታ ከወጣ ብዙ ብር ያለው ይወስደዋል። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ግን ምደባ የሚባል መንገድም አስቀምጧል፤ ለመንግሥት የቤት ልማት ፕሮግራም ቦታ ያለ ጨረታ እንዲሰጥ። እኔ የምለው እንዲህ ያለው ሜዳ ጨረታ አይውጣበት ነው። ከተስማማችሁ ቪዲዮውን ለወዳጅ አጋሩልኝ፤ ቻናሉንም ሰብስክራይብ አድርጉ።

ይህን ሁሉ ለእማማም ነገርኳቸው። ስኒ እያጠቡ ሰሙኝና «ልጄ፣ አራተኛ ፎቅ ቢደርሰኝ ከሰሉን የት አቀጣጥላለሁ?» አሉኝ። እኔ ዲዛይነር ብሆን ከምድር ቤቶቹ አንዱን፣ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈተውን፣ ለእሳቸው እይዝ ነበር።