እስከ አስር ስንቆጥር

የተከበራችሁ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን አባላት፣ ውድ መምህሮቻችን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀደልን ትምህርት ቤታችንና ሻይ ቡናውን ላሰናዳችሁ እህቶች ምስጋናዬ ከልብ ነው። ዘንድሮ ለቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍት ገዝተናል፣ የሁለት ክፍሎች ጣሪያም አስጠግነናል። ደስ ብሎኛል። ዝርዝሩ ሪፖርቱ ላይ አለ።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ቧንቧው ነው።

ከባንዲራው ጀርባ፣ ሲሚንቶው ገንዳ ላይ የተደረደሩትን ስምንት ቧንቧዎች ማን ይረሳል? የዕረፍት ደወል ሲደወል እየተገፋፋን እንሮጥ ነበር። ኩባያ የለም፤ በእፍኝ ነው የሚጠጣው። ለአንድ ሰው አስር ቁጥር። የተሰለፈው ሁሉ በአንድ ድምፅ «አንድ! ሁለት! ሦስት!» ይላል። ለጓደኛ «ዘጠኝ... ዘጠኝ ከሩብ... ዘጠኝ ተኩል» እንል ነበር። ለተጣላነው ደግሞ ከአራት ወደ ስምንት እንዘላለን። ደረቴ ሳይረጥብ ክፍል የገባሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ባለፈው ወር ሄጄ አየሁት። ከስምንቱ የሚሠሩት ሁለት ናቸው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ሌሊት፣ ግቢው ባዶ ሲሆን ነው። የሚያጠራቅም ሮቶ ስለሌለ ጠዋት ልጆቹ ሲመጡ ቧንቧው ደርቋል። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ እጃችሁን 20 ሰከንድ ታጠቡ ይባል ነበር። 20 ድረስ ለመቁጠር እኮ መጀመሪያ ውሃው መውረድ አለበት! አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከቤት ያመጣችውን ውሃ በሃይላንድ ይዛ፣ ለጓደኛዋ በክዳኑ እየለካች ስትሰጣት አየሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የምንፈልገው 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ፣ ማስቀመጫው ቆጥ እና ስድስት አዳዲስ ቧንቧ ነው። ያለን ብር ግማሹን አይሸፍንም። የዓመት መዋጮ የከፈለው ከሦስት አባል አንዱ ነው። ገንዘቡ ለሆቴል እራት ይዋል የሚል ክርክርም ሦስት ስብሰባ በላብን። እራት የጠየቁትን አልቀየምም፤ መገናኘት ናፍቋቸው ነው። እኔ ግን ሮቶው ሳይቆም እራት አልፈርምም።

የቧንቧውን የድሮ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ስለጥፍ ግሩፑ በልብ ምልክት ተጥለቀለቀ። በማግስቱ የባንክ ቁጥሩን ላክሁ። ዝም።

ዛሬ እዚህ ያልተገኘህ አንድ ወንድሜ አለህ። ከሁላችን ድምፅህ ጎልቶ የሚሰማ ቆጣሪ አንተ ነበርክ። በትኩሳት ልወድቅ በደረስኩበት ቀን ስምንት ላይ አቁመህ፣ እስክጠግብ ድረስ «ስምንት፣ ስምንት» ስትልልኝ ነበር። አልረሳሁትም። ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ፤ አላነሳህም። የምታውቁት እባካችሁ ንገሩት። ብር ባይኖረውም ይምጣ፤ ሮቶው ሲወጣ ገመድ የሚይዝ ሰው ያስፈልገናል።

ሒሳብ ያዣችን ደረሰኝ ይዛ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ጉባኤው ተከፍቷል።