ሰዓቱ ከየት ይጀምራል?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

ስለ ሕጋዊ መከላከል፣ ማለትም ራስን ከጥቃት ስለመከላከል መብት፣ ሦስት ነጥብ ጽፌ መጥቻለሁ። እንደምታውቁኝ ግን አንዱ ላይ ነው የምቆየው። ባለፈው ስብሰባችን ጀምረን ሳንቋጨው የቀረውን ጉዳይ ማለቴ ነው፤ ማን ተከላካይ እንደነበር ስንፈርድ ግጭቱን ከየትኛው ደቂቃ ጀምረን እንመልከተው የሚለውን።

እስቲ ወደ ፍሎሪዳ እንመለስ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2012፣ ሳንፎርድ ከተማ። መሽቷል፤ ዝናብ ይጥላል። የ17 ዓመቱ ትሬቮን ማርቲን ከሱቅ ከረሜላና ጁስ ገዝቶ እየተመለሰ ነው። ጆርጅ ዚመርማን ደግሞ የሰፈር ጥበቃ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ሽጉጥ ታጥቋል። ልጁን ጠረጠረውና መኪናው ውስጥ ሆኖ ለፖሊስ ደወለ። ከዚያ ወረደ። ስልኩን ያነሳው ሰው እየተከተለው እንደሆነ ጠየቀው። አዎ አለ። ያን ማድረግ እንደማያስፈልግ ተነገረው። ደቂቃዎች አለፉ። ትግል፣ ጩኸት፣ ከዚያ አንድ ጥይት። ልጁ ሞተ። መሣሪያ አልያዘም ነበር።

ፖሊስ ተኳሹን ጠይቆ በዚያው ሌሊት ለቀቀው። እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀው «አታፈግፍግ» የሚባለው የግዛቲቱ ሕግ ራሴን ተከላከልኩ ያለን ሰው እንዲሁ በቀላሉ አያሳስርም፤ ድርጊቱ ከሕግ ውጭ ነው የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። ክስ የመጣው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ያውም ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ፣ ገዥው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሾሞ!

በችሎቱ የተከሳሹ ጠበቆች ታሪክ አጭር ነበር። ዚመርማን መሬት ላይ ተጥሎ ሲደበደብ ተኮሰ፣ በቃ። አፍንጫውና ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት ነበር፤ አልክድም። ስድስቱ የጁሪ አባላት (ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑ ተራ ዜጎች)፣ ሁሉም ሴቶች፣ ሰውየው የማፈግፈግ፣ ማለትም ከመተኮሱ በፊት ሸሽቶ ለማምለጥ የመሞከር፣ ግዴታ እንደሌለበት ተነገራቸው። ጁላይ 13 ቀን 2013 ነፃ አሉት። እሱ ራሱ የምስክርነት ቃል አልሰጠም።

ደሜ የሚፈላው እዚህ ጋ ነው። ሰዓቱን ከመጨረሻዋ ደቂቃ ካስጀመራችሁት፣ ከታች የወደቀው ሰው ተከላካይ ነው። ከመኪናው በር ካስጀመራችሁትስ? በጨለማ አንድ የማያውቀው ሰው የተከተለው ልጅ የመከላከል መብት አልነበረውም? «አታፈግፍግ» የሚለው ሕግ ለማን ነው የተጻፈው? ለታጠቀው ብቻ ነው እንዴ? ልጁም እኮ እዚያ መንገድ ላይ የመሆን መብት ነበረው! ግን እሱ ወጥቶ አይናገርም። ከሁለቱ ባለታሪኮች አንዱ ተቀብሯል፤ ፋይሉ በቀረው ሰው ቃል ይሞላል።

የጁሪዎቹን ሐቀኝነት አልጠራጠርም። የተሰጣቸውን ሕግ ይዘው ነው የፈረዱት። ጥሌ ከሕጉ ጋር ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ የማስረዳት ሸክም ነው፤ ጉዳዩን በማስረጃ ማሳየት ያለበት ማን ነው የሚለው። ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዋናው ችሎት በፊት በሚደረገው የያለመከሰስ ክርክር (ተከሳሹ ራሴን ተከላከልኩና ክሱ ይቅርልኝ በሚልበት) ላይ ሸክሙን ከተከሳሹ አንስታ ዐቃቤ ሕግ ላይ ጫነችው። ከበፊቱ ባሰ ማለት ነው። ዝርዝሩን በጥያቄ ሰዓት እናየዋለን።

ሦስተኛው የፍትሐ ብሔር ካሳ ነበር። ሰብሳቢያችን ግን ሰዓታቸውን እያዩ ነው፤ ወረቀቱን ለጽሕፈት ቤቱ እተወዋለሁ።

አመሰግናለሁ።