ዘፋኝ የሌለው ባንድ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ የጃፓን ባንድ ላወራ ነው። ሞኖ ይባላሉ፤ በ1999 ቶኪዮ ውስጥ የተመሠረቱ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ ድራም። ዘፋኝ የለም።

ስለ እነሱ ለሰው ሳወራ የሚመጣብኝ ጥያቄ ያው ነው፦ «ታዲያ ስለ ምንድን ነው የሚጫወቱት?» አልፈርድም። እኛ ግጥም እንወዳለን፤ ከዘፈን በኋላ እየተቀባበልን የምንደግመው ስንኙን ነው። አዝማሪ እንኳን ማሲንቆውን ብቻ ሲገዘግዝ ቢቆይ «ተቀበል እንጂ!» የሚለው አይጠፋም።

ለሞኖ ይሄን ጥያቄ የሚመልሰው የሙዚቃዎቹ ርዕስ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው፤ ርዕሱ እያገዘኝ ነው ወይስ እየጎተተኝ?

በ2004 ያወጡት አልበም ላይ «አንድ ሺህ የወረቀት ወፎች» የሚል ሙዚቃ አለ። ሳዳኮ ሳሳኪ የምትባል የሂሮሺማ ልጅ ነበረች። በ1945 አቶሚክ ቦምቡ ሲወድቅ ሁለት ዓመቷ ነው። ከዓመታት በኋላ በደም ካንሰር ታማ ሆስፒታል ገባች። በጃፓን አንድ ሺህ ወፍ ከወረቀት ያጠፈ ሰው የተመኘው ይሳካለታል ይባላል፤ እሷም አልጋዋ ላይ ሆና ማጠፍ ጀመረች። በ1955፣ በ12 ዓመቷ አረፈች።

እኔ መጀመሪያ ሙዚቃውን የሰማሁት ርዕሱን ሳላይ ነው። ሐዘን እንደሆነ ገባኝ። የማን እንደሆነ ስላልነገረኝ ግን የራሴን ከተትኩበት። ርዕሱን ካነበብኩ በኋላ ሐዘኑ የሳዳኮ ሆነ፣ እኔ ወጣሁ። የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ ሁለተኛው። በየሙዚቃው ውስጥ ራሴን ብቻ ማግኘት ይሰለቸኛል።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም። የ2012ቱ አልበማቸው ርዕሱ «ለወላጆቼ» ነው፤ ከኦርኬስትራ ጋር የተሠራ። እዚያ ላይ ገና ቫዮሊኑ ሲገባ «በሉ አልቅሱ» የተባልኩ ይመስለኛል። የሚወዱት ብዙ ናቸው፣ ይቅርታ።

በጣም የምወደው የ2009ኙን ነው። የመክፈቻው ርዕስ «አመድ በበረዶ ላይ» ነው፤ ወደ 12 ደቂቃ ይጠጋል። በትንንሽ መዶሻ በሚመታ የብረት መሣሪያ፣ በግሎከንስፒል ይጀምራል። ቀስ እያለ ጊታሩ ይገባል። ጊታሪስቶቹ ጎቶና ዮዳ መድረክ ላይ ተቀምጠው፣ አቀርቅረው ነው የሚጫወቱት። አንዱን ኖታ በፍጥነት እየደጋገሙ ሲመቱት ክሩ ሳይቋረጥ የሚጮህ ይመስላል። እሱ ላይ የማስተጋቢያው ድምፅ ሲደራረብበት፣ ድራሙ ሲከብድ፣ ሁለት ጊታር መሆኑን መርሳት ነው።

ይሄን ታክሲ ውስጥ ለመስማት አትሞክሩ። መጀመሪያው አይሰማችሁም፣ ድምፁን ትጨምራላችሁ፣ መጨረሻው ላይ ጆሯችሁ ይጮሃል። ብዙ የዘመኑ ዘፈን ዝቅተኛውም ከፍተኛውም ድምፅ ተቀራርቦ፣ ተጨምቆ ነው የሚወጣው። ይሄን አልበም የቀዳው ስቲቭ አልቢኒ ግን ዝም ያለውን ዝም እንዳለ ይተወው ነበር። ሺካጎ ባለው ስቱዲዮው ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ይጫወት ነበር፣ እሱ በቴፕ ይቀዳ ነበር። ብዙዎቹን አልበሞቻቸውን የሠራላቸው እሱ ነው። በግንቦት 2024 ሞተ፤ እሱ የቀዳው «መሐላ» የተሰኘው አልበማቸው የወጣው በቀጣዩ ወር ነው። ሳዳምጠው የእሱን ሞት እየሰማሁበት ነበር፤ አልበሙ ሲቀዳ ግን ሰውየው በሕይወት ነበር፣ ሞት የሚባል ነገር አልነበረበትም። ያንን ደግሞ ያመጣው ርዕስ እንኳን አይደለም፣ ዜና ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። በ2019 አልበማቸው አንድ ሙዚቃ ላይ ቤዝ የምትጫወተው ታማኪ ዘፈነች። ከሃያ ዓመት በኋላ! እኔ፣ ቃል አያስፈልግም እያልኩ ጓደኞቼን ስከራከር የኖርኩት ሰውዬ፣ ምን አደረግኩ? ወዲያው ስልኬን አንስቼ ግጥሙን ፍለጋ ገባሁ።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።