የመንዝ ገብስና የሮቢት ማሾ፦ ሲጋራ ለሚያቆም ታካሚ ምክር እንዴት ይጻፋል?

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ ስለ አንዲት ወረቀት ነው የምናወራው፤ ሲጋራ ማቆም ለሚፈልግ ታካሚ ስለምትሰጠው ወረቀት።

የመንዝን ገብስ ጫኑ። ጣርማ በርን ተሻገሩ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ውረዱ፣ ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ዝሩት። ዘሩ መጥፎ ነው? አይደለም። ገበሬው ሰነፍ ነው? አይደለም። አገሩ አይደለማ! ሮቢት ማሾ ነው የሚያበቅለው፤ ማሾውንም መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውርጭ ላይ ብትዘሩት ያው ነው። ለሁሉም ታካሚ አንድ በራሪ ወረቀት ማደል ይኸው ነው። «ሲጋራ ለጤና ጎጂ ነው» ይላል፤ ይህንማ ፓኮውም ይለዋል!

ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ። በቀን ስንት? ከነቃ በስንት ደቂቃ? ከምን ጋር? ለምን ማቆም ፈለገ? ባለፈው ምን መለሰው? በ5 ደቂቃ ውስጥ ከለኮሰ ሱሱ ከባድ ነው፤ ከሰዓት በላይ ከቆየ ይቀላል። የኒኮቲን ሱስን ክብደት የሚለካውን የፋገርስትሮም መጠይቅ ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም።

ከዚያ በራሱ መልስ ጻፉለት፦

«ጋሼ፣ እንደነቁ በ5 ደቂቃ ውስጥ እንደሚለኩሱ፣ ቡና ላይ ደግሞ ሁለት እንደሚያጨሱ ነግረውናል። ባለፈው በሦስተኛው ቀን የመለሰዎት ብስጭቱ ነበር። ብስጭቱ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይብሳል፣ ከዚያ ይቀልላል። የሚያቆሙት በመጪው ሰኞ ነው። ከሰኞ ጀምሮ አቦሉን ጠጥተው ቶናና በረካውን ይተዉ።»

ቡናው ለምን ተነካ? የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሲጋራው ሲቆም ያው የለመዱት ቡና ደም ውስጥ ይከርማል፦ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ሰውየው «ሲጋራው ነው የጎደለኝ» ይልና ይመለሳል። ቡናውን ቢያንስ በግማሽ አስቀንሱት።

አሁን ወደ ኮሜንታችሁ። «የደብረ ብርሃን ብርድ ያለ ሲጋራ አይቻልም፣ ያሞቃል» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። አያሞቅም! ኒኮቲን የቆዳን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ወደ ጣት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ ጣት ይቀዘቅዛል። የሚሞቀው ጭሱ የነካው አፍ ነው፤ «እፎይ» የሚያሰኘው ደግሞ የሱሱ ጥም መርካቱ ነው። ስለዚህ ታካሚው «ለብርዱ ነው» ካላችሁ አትለፉት፣ ይህንኑ ወረቀቱ ላይ ጻፉለት። ጓንትና ትኩስ ሻይም ጨምሩበት። ይቺን ክፍል ብርድ ላይ ቆሞ ለሚያጨስ ዘመዳችሁ ላኩለት፤ ሰብስክራይብም አድርጉ!

ወረቀቱ የሚበላሸው የት ነው? ሲረዝም፤ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ሲያስፈራራ። ደግሞ «ማን ያነብልዎታል?» ሳይባል ሲጻፍ። የሚያነብለት ልጁ ከሆነ፣ ልጁ እንዲያውቅ የማይፈልገውን በሽታ አታስገቡበት።

ግርጌው ላይ የቀጠሮ ቀን ይኑር። በ1979 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ ምንም ካልተነገራቸው ታካሚዎች አቁመው ዓመት የዘለቁት 0.3 በመቶ ነበሩ። ሐኪሙ በቃል ብቻ ሲመክር 3.3 በመቶ ሆኑ። ወረቀት ተጨምሮ «ተከታትለን እንጠይቅዎታለን» ሲባሉ 5.1 በመቶ ደረሱ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የወሰደው የሐኪሙን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቀጠሮውን ጻፉት፣ በቀኑም ጠይቁት።